የድሮ ባቡር ጣቢያን ሙዚየም ማድረግ፦ ከቀለሙ በፊት ጣሪያው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በከተማችን የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከጎኑ ትንሽ ወርክሾፕ አለ። ሀዲዱ ላይ ደግሞ ሁለት ፉርጎና አንድ ዝገት የበላው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ቆመዋል። የትራንስፖርት ሙዚየም ልናደርገው ኮሚቴ አቋቁመናል። አንድ ባለሀብት ልስኑንና ቀለሙን በራሴ ወጪ ላሠራ ብሎናል። ከየት እንጀምር? ሎኮሞቲቩን ወደ ህንፃው ማስገባትስ ይቻላል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ባለሀብቱን አመስግኑት፣ ልስኑን ግን አስቁሙት። ሎኮሞቲቩ ባለበት ይቆይ። ሥራውን ከጣሪያውና ከወረቀቱ ጀምሩ። ቀለም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ላያስፈልግም ይችላል።

እንዲህ የምለው ከቸልታ ይልቅ ችኮላን ስለምፈራ ነው። የድንጋይ ህንፃ ጣሪያው እስከያዘለት ድረስ ማንም ሳይነካው ብዙ ዓመት ይቆማል። ያረጃል፣ ግን ቀስ እያለ ነው። «ሊታደስ» ነው ተብሎ በአንድ ክረምት ሲሚንቶና ፕላስቲክ ቀለም ሲለጠፍበት ግን ጉዳቱ አይመለስም። ሲሚንቶውን ለማንሳት መሮ ይዛችሁ ስትገቡ ድንጋዩ አብሮ ይነሳል።

ወደ ግንባታው ከመግባታችን በፊት አንድ አሰልቺ ጉዳይ እንጨርስ። ንብረቱ የማን ነው? የድሮው የባቡር ድርጅት የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ነበር። ስለዚህ ህንፃው፣ መሬቱ፣ ሀዲዱና ተሽከርካሪዎቹ ዛሬ በአንድ እጅ ላይሆኑ ይችላሉ። «ማንም አይጠይቅም» የሚል ሰው ከኮሚቴው አይጠፋም። አትስሙት። በርሊን ውስጥ ሃምቡርገር ባንሆፍ የሚባል ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 የትራንስፖርትና የግንባታ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ህንፃው በምዕራቡ ክፍል ሲቀር የሚያስተዳድረው ግን የምሥራቁ የባቡር ድርጅት ሆነ። በዚህ ምክንያት እስከ 1984 ድረስ ለአሥርት ዓመታት ዝግ ሆኖ ቆየ። ዛሬ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ የትራንስፖርቱ ነገር ተረስቷል። የእናንተ ጉዳይ ይህን ያህል አይወሳሰብም። ቢሆንም እያንዳንዱ ንብረት ስለሚተላለፍበት ሁኔታ በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ያዙ። ለሎኮሞቲቩ፣ ለፉርጎዎቹ፣ ለሀዲዱም ጭምር።

ሁለተኛው ወረቀት ፈቃዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል። ህንፃው እስካሁን ካልተመዘገበ በክልላችሁ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል ምዝገባውን አስጀምሩ። ጉዳዩ ሲጓተት ሊያናድዳችሁ ይችላል። ግን ነገ አንድ ሹም መጥቶ «ይህ ቦታ ለሌላ ልማት ይፈለጋል» ቢል የሚያስጥላችሁ ይኸው ምዝገባ ነው።

አሁን ወደ ጣቢያው እንሂድ። የመጀመሪያው ጉብኝት እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ ነው። ምንም አይጠረግ፣ ምንም አይጣል፣ ምንም አይታጠብ። ለዘመቻ ጽዳት የወጡ ወጣቶች በአንድ ቅዳሜ ግማሹን ሙዚየም ቆሻሻ ገንዳ ሊከቱት ይችላሉ፤ ያውም በቅን ልቦና። የጣቢያው ወለል ላይ የተበተነው ቁራጭ ካርቶን ቲኬት ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ የተጣለው ብረት የሀዲድ መቀየሪያው እጀታ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ማዕዘን፣ ጣሪያውንና ወለሉንም ጨምሮ ፎቶ አንሱ። ዕቃው የተገኘበትን ቦታ ጻፉ። አንድ የሚዛን ክብደት በመንገደኞች ዕቃ ክፍል ውስጥ ሲገኝና መጋዘን ውስጥ ሲገኝ የሚናገረው ታሪክ ይለያያል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። ብረት ይዝጋል እንጂ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ወረቀት ግን ምስጥ ካገኘው፣ ወይ ዘበኛው ብርድ ሲመታው ካነደደው፣ አለቀ። የቲኬት ጉርድ፣ የጭነት መዝገብ፣ የቴሌግራፍ ደብተር፣ የሠራተኛ የደመወዝ ዝርዝር፣ የህንፃና የማሽን ንድፍ፣ ሁሉንም ሰብስቡ። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጥላ ላይ፣ ነፋስ ባለበት፣ በዝግታ ይድረቅ። በስኮች አትለጥፉት። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ እርጥበቱን ይዞ ያሻግተዋል። ንጹሕ የካርቶን ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቁጥር ስትሰጡ በእርሳስ ይሁን፣ በእስክሪብቶ አይሁን።

ወረቀቱን የሚያነብላችሁ ሰው ደግሞ በሕይወት አለ። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር መዝገቡም፣ የማሽኑ ሰሌዳም፣ ብዙው የሙያ ቃልም በፈረንሳይኛ ነው። የድሮዎቹ ሠራተኞች ቋንቋውን ከሥራው ጋር ነው የተማሩት። እነዚህ ሰዎች አሁን ጡረተኞች ናቸው፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፅ መቅረጹን «ሙዚየሙ ሲከፈት» አትበሉ። በዚህ ወር ጀምሩ። ስልክ ይበቃል። ጥያቄውን ግን አስቡበት። «የሥራ ዘመንዎ እንዴት ነበር?» ብትሏቸው «ተመስገን፣ ጥሩ ነበር» ብለው ያልፏችኋል። ጣቢያው ድረስ ይዛችኋቸው ሂዱና ዕቃውን እያሳያችሁ ጠይቁ። ይህ እጀታ ምን ያደርጋል? ደወሉ ስንት ጊዜ ነበር የሚመታው? ባቡሩ ሲዘገይ ለሚቀጥለው ጣቢያ እንዴት ነበር የምታሳውቁት? ኮንትሮባንድ የት የት ነበር የሚደበቀው? በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትጠይቁ ያላሰባችሁት ሳቅና ታሪክ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ውኃው። የህንፃ ጥገና ሲባል ሰው ግድግዳ ያስባል። እኔ መጀመሪያ ወደ ላይ አያለሁ፣ ቀጥሎ ወደ መሬት። ጣሪያው ያፈሳል? አሸንዳው ተደፍኗል? ውኃው ከጣሪያ ወርዶ የት ነው የሚያርፈው? የግድግዳው ሥር ላይ ከሆነ እርጥበቱ ድንጋዩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በየዓመቱ የሚጨመረው አፈርና ጠጠር የውጩን መሬት ከውስጡ ወለል በላይ አድርጎት ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ ይጠጣል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው አካፋና ጥቂት የቆርቆሮ ሥራ ነው። አፈሩን ዝቅ አድርጉ፣ ውኃው ከህንፃው እንዲርቅ መሬቱን አዘንብሉት፣ አሸንዳውን ክፈቱ፣ የተቀደደውን ቆርቆሮ ቀይሩ። ግድግዳው ላይ የበቀለ ዛፍ ካለ አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከሥር ቁረጡትና ሥሩ ሲሞት ቀዳዳውን ዝጉ።

ጣሪያውን ችላ ማለት የት እንደሚያደርስ አንድ ምሳሌ ላንሳ። አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ያለው የባቡር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1884 በተሠራ ክብ የሎኮሞቲቭ ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚገኘው። በ2003 ከባድ በረዶ ጣለና የጣሪያው ግማሽ ያህል ታሪካዊ ተሽከርካሪዎቹ ላይ ተደረመሰ። ሙዚየሙ እንደገና የተከፈተው በ2004 መጨረሻ ነው። የእናንተ ከተማ ላይ በረዶ አይከመርም። ግን ነፋስ አለ፣ የረጠበ የእርግብ ኩስ አለ፣ የዛገ ሚስማር አለ። የጣሪያውን ተሸካሚ አንድ መሐንዲስ ከታች ሆኖ ሳይሆን መሰላል ላይ ወጥቶ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ሳያየው አንድም ጎብኚ ከሥሩ አይቁም።

ተሸካሚው ብረት ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። የዚያ ዘመን ብረት በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ ወፍራም የብረት ምስማር ነው የተያያዘው። የላላ ሪቬት ሲያይ የእኛ ሰው እጁ ቶሎ ወደ ብየዳ ይሄዳል። ቆይ በሉት። የድሮ ብረት ውስጥ ሰልፈርና ፎስፈረስ ሊበዛ ይችላል። እንዲህ ያለ ብረት ሲበየድ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። ቁራጭ ናሙና ላቦራቶሪ ሳይገባ ብየዳ አይፈቀድ። የወደቀው ሪቬት ቦታ ጠንካራ ቡሎን ማስገባት ይበቃል። ቡሎኑ ደግሞ አዲስ መሆኑ ቢታወቅ ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም ጥሩ ነው። ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ የተተካው ክፍል ከጠቅላላው ጋር ይስማማ፣ ግን ከኦሪጂናሉ ይለይ።

ግድግዳው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ህንፃ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

የድሮ ድንጋይ ግድግዳ በብዛት የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ያስገባል፣ ያስወጣልም። ዝናብ ሲመታው ይረጥባል፣ ፀሐይ ሲወጣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ይተነፍሳል። መሬቱ ሲንቀሳቀስም ትንሽ ይለመጣል። ሲሚንቶ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጠንካራና ዝግ ነው። ግድግዳውን በሲሚንቶ ስትለስኑት በሙቀት ላይ የላስቲክ ዝናብ ልብስ እንደማልበስ ነው፤ ከውጭ ደረቅ ይመስላል፣ ከውስጥ ላብ በላብ ነው። ከመሬት የወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል። ውስጡ ያለው ጨው ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል፣ ይደርቃል፣ ያብጣል፣ የድንጋዩን ፊት እየላጠ ይጥላል። ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ልስኑ በቁሙ ይወድቃል። ሰው ታዲያ «ግንበኛው አጭበረበረን» ይላል። ግንበኛው በደንብ ለስኖ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ የተለሰነበት ነገር ነው።

ታዲያ ግድግዳችሁ በምን እንደተያያዘ እንዴት ታውቃላችሁ? በሚስማር ጫሩት። ኖራ ከሆነ ይፈረፈራል። ሲሚንቶ ከሆነ ሚስማሩ ይንሸራተታል። ይህ ለመጀመሪያ ግምት ነው እንጂ መደምደሚያ አይደለም። የዚህ መስመር ህንፃዎች በአንድ ጊዜ አልተሠሩም። ሀዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። ከዚያ በገንዘብና በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ቆሞ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የለገሃሩ ትልቁ ጣቢያ ደግሞ የተመረቀው በ1929 ነው። በዚህ መሃል የግንባታ ዕቃው ተለውጧል። በኋላም በየጊዜው ተጠግኗል። ስለዚህ አንድ ግድግዳ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ማያያዣ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከተለያየ ቦታ ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። አዲሱ ማያያዣ ከድሮው ጋር የሚመሳሰል፣ ከድንጋዩም የሚለሰልስ መሆን አለበት። መርሁ ይህ ነው፤ የሚበላ ነገር ካለ ማያያዣው ይበላ እንጂ ድንጋዩ አይበላ።

የኖራ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ኖራው በውኃ ተነክሮ በደንብ ይቆይ፤ ባረፈ ቁጥር ይሻላል። ለመነሻ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይዛችሁ ሞክሩና አሸዋው እንደሚፈልገው አስተካክሉ። አሸዋው ታጥቦ የተነፋ፣ ሸካራና ደቃቁ የተቀላቀለበት ይሁን። ግድግዳው ከሥራው በፊት ይርጠብ። በአንድ ጊዜ ወፍራም አትለጥፉ፤ ስስ ስስ እያደረጋችሁ ደራርቡ። ቀትር ፀሐይ ላይ አትሥሩ። ከተሠራ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ለቀናት ውኃ አጠጡት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ጊዜው ረጅም ነው። ለሪባን መቁረጫ ቀን የሚጣደፍ አስተባባሪ ካላችሁ ይህን አንቀጽ አስነብቡት።

መጋጠሚያውን ስትቦረቡሩም የኤሌክትሪክ ግራይንደር አይግባ። ዲስኩ ድንጋዩን ይቆርጠዋል። ትንሽ መሮና መዶሻ ይበቃል። የድንጋዩን ፊት ለማጽዳት አሸዋ በአየር ግፊት መርጨትም አይሆንም፤ ቆሻሻው ሲለቅ የድንጋዩ ጠንካራ ቅርፊትም አብሮ ይለቃል። ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ውኃ ብዙ ቦታ ይበቃል። ጥቁሩ ጥላሸት ደግሞ ሁልጊዜ ቆሻሻ አይደለም። ከወርክሾፑ በር በላይ ያለው ጥቀርሻ የሥራው አሻራ ነው። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ። በርና መስኮቱ ላይ ያለውን የድሮ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። የዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። እያረጠባችሁ፣ ተገቢውን ጭንብል አድርጋችሁ፣ ፍርፋሪውን ሰብስባችሁ ሥሩ። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ስውር ቦታ ላይ ቀለሙን ሽፋን በሽፋን በስለት ግለጡት። የመጀመሪያው ቀለም የቱ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው። «የባቡር ጣቢያ ቀለም እኮ ቢጫ ነው» የሚል ክርክር እዚያ ላይ ያልቃል።

አሁን ሁላችሁም የጓጓችሁለት ሎኮሞቲቭ። ለመግባት መግባት ይችላል። ግን አይግባ።

ስሌቱን እዩት። ሎኮሞቲቩ 50 ቶን ቢመዝንና 8 ጎማ ቢኖረው በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ከ6 ቶን በላይ ያርፋል። የመንገደኛ ማረፊያ ወለል ለዚህ አልተሠራም። በሩም አይበቃም፤ ግድግዳ መፍረስ አለበት። ያንን ካደረጋችሁ አንዱን ቅርስ ለሌላው ሠዋችሁ ማለት ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ሀዲድ ካለና ወለሉ ከተመረመረ ግን እሱ ትክክለኛ ቤቱ ነው። ኪዮቶ ላይ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራውን የኡሜኮጂ ማቆሚያ በ1972 የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሙዚየም አድርገውታል። ማሽኖቹ ድሮ በሚያድሩበት ቦታ ነው ጎብኚ የሚያያቸው። ይህ ካልሆነ ሎኮሞቲቩ ባለበት ሀዲድ ላይ ይቁምና ከላዩ ቀለል ያለ ክፍት ዳስ ይሠራለት። የዳሱ ምሰሶ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር እንዳይያያዝ። ሌላው ዓለም ላይም ባቡር የሌለባቸው የጣቢያ ሙዚየሞች ሞልተዋል። የፓሪሱ ኦርሴ እ.ኤ.አ. በ1900 ጣቢያ ሆኖ ተከፍቶ፣ መድረኩ ለረጃጅም ባቡሮች አልበቃ ብሎ፣ በ1986 የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። ሰው ዛሬም ሲገባ ጣቢያ መሆኑን ያውቃል።

ሌላ ሎኮሞቲቭ ከሌላ ከተማ ለማምጣት ካሰባችሁም አንድ ነገር አስታውሱ። የድሮው መስመር የሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ በአዲሱ ሀዲድ ጎትታችሁ አታመጡትም። ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ የከባድ ጭነት ተሳቢ) እና ክሬን ያስፈልጋል፤ ድልድዩም መንገዱም ክብደቱን መቻሉ ይረጋገጥ። ወጪው ከጣሪያችሁ ሊበልጥ ይችላል።

ለጊዜው ሎኮሞቲቩ የሚፈልገው ቀለም አይደለም። መጀመሪያ ፈሳሹ ይውጣለት፤ ናፍጣው፣ ዘይቱ፣ የማቀዝቀዣ ውኃው፣ የባትሪው አሲድ። በሥርዓት በበርሜል ተይዞ እንጂ መሬት ላይ ተደፍቶ አይደለም። ከዚያ ውኃ የሚያቁሩ ጉድጓዶቹ ይጸዱ፣ የተሰበሩ መስኮቶች ይዘጉ፣ የጭስ ማውጫው ይሸፈን። ልል ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሳና የብረቱ ፊት በመከላከያ ዘይት ወይም ሰም ይሸፈን። አንቲረስትና አዲስ ቀለም የሚመጣው የድሮው ቀለምና ጽሑፍ በፎቶ ከተያዘ በኋላ ነው። የፋብሪካ ሰሌዳውን ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። በቀላሉ የሚፈታ ከሆነም ፈርማችሁ ተረከቡና ቆልፉበት። ቁራሌው ለሱ ዋጋ አያጣም።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። የጋራዥ ልጆች ጠርታችሁ ሞተሩን አታስፈቱ። የድሮ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ የሙቀት መከላከያው፣ የፍሬን ሸራውና የኤሌክትሪክ ሣጥኑ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሳይነካ ሲቀመጥ አደጋው ትንሽ ነው። ሲቆረጥና ሲቦረቦር አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጣሪያ ላይ ያለ ግራጫ ሞገዳማ ቆርቆሮ መሳይ ሰሌዳም ካለ አትሰባብሩት፤ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። የወርክሾፑ አፈርም ለዓመታት ዘይት ጠጥቷል። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ከማድረጋችሁ በፊት አስመርምሩት።

«ሞተሩ ቢነሳስ?» ትሉ ይሆናል። አውቃለሁ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ማሽን መለዋወጫ፣ ፈቃድ ያለው ነጂ፣ ኢንሹራንስና ቋሚ ባለሙያ ይፈልጋል። እንዲሠራ ሲባልም ኦሪጂናል ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይቀየራሉ። ለትንሽ ሙዚየም አልመክርም። ሀዲዱን ግን በጭራሽ አታስነሱ! የጣቢያው ፊት አስፋልት ይሁን፣ መኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሀዲድ የሌለው ጣቢያ ማንኛውም የድሮ ቤት ነው። ከሀዲዱ ሥር ያሉት አግዳሚ ብረቶችና ጠጠሩም የቅርሱ አካል ናቸው።

ውስጡ ምን ይቀመጥ? እዚህ ላይ የግል ምርጫዬን እናገራለሁ። ክፍሎቹን አፍርሳችሁ አንድ ትልቅ አዳራሽ አታድርጉ። የቲኬት መስኮቱ፣ የማዕረግ ልዩነት የነበረው ማረፊያ፣ የጭነት መጋዘኑ፣ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ፣ እያንዳንዱ ራሱ ትርኢት ነው። ቲኬት መስኮቱ ጋ የሚቆም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚናገርበት ቀዳዳ አለ። ያንን ከመስታወት በስተጀርባ ከምታደርጉት ጎብኚው ራሱ ጎንበስ ይበልበት። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉ ማሽኖችም ካሉበት አይነሱ። የመፍቻው ቅርጽ ግድግዳው ላይ ተስሎ ከሆነ መፍቻው እዚያው ይሰቀል።

የትራንስፖርት ሙዚየም ካላችሁት ደግሞ ባቡር ብቻ አይሁን። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ያ ሁሉ ቡናና ጨርቅ በግመልና በበቅሎ ነው የተጓዘው። ነጋዴው ከባሕር እስከ መሃል አገር ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ኮርቻው፣ የጭነት ገመዱ፣ ጋሪው፣ ሊቶሪናው (የራሱ ሞተር ያለው የመንገደኛ ባቡር)፣ በኋላም ባቡሩን ከገበያ ያስወጣው የጭነት መኪና፣ ሁሉም የአንድ ታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ምኒልክ ፈቃዱን ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 መሆኑን መጻፍ አይከፋም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በሜይ 1936 ከአዲስ አበባ በዚሁ ባቡር ተሳፍረው ወደ ስደት መሄዳቸውም ይጻፍ። ነገር ግን ጎብኚውን የሚይዘው ከየመስኮቱ ሥር እንቁላልና ፍራፍሬ ይዛ የምትሮጠው ሻጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠጠር የሚጠቀጥቀው የሀዲድ ሠራተኛ፣ ጫት ሳይጠወልግ ለማድረስ የሚጣደፈው ነጋዴ ነው። ሐዘኑም አይደበቅ። በጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ በደረሰው የባቡር አደጋ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ዘመዱን ያጣ ሰው የእናንተን ሙዚየም ሊጎበኝ ይመጣል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ካላገኘ በሌላው ጽሑፋችሁም አያምንም።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ግድግዳ ሳይቦረቦር በግልጽ ቱቦ ይሂድ፤ የድሮው ሽቦ ግን ሙሉ በሙሉ ይቋረጥ። ለዊልቸር መወጣጫ ሲሠራ ደረጃው ሳይነካ ከጎኑ ተነቃይ ሆኖ ይሠራ። የእሳት ማጥፊያ ይኑር። ጣሪያው ላይ የብየዳ ወይም የሬንጅ ሥራ ካለ ሥራው ካለቀ በኋላም ለሰዓታት የሚጠብቅ ሰው ይመደብ። ጀርመን ኑርንበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የሙዚየሙ የሎኮሞቲቭ ማቆሚያ ተቃጥሎ ከ20 በላይ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ወድመዋል ወይም ተጎድተዋል። ካፌ ክፈቱ፤ የባቡር ጣቢያ ከቡፌው ጋር የኖረ ነገር ነው። ወጥ ቤቱ ግን ከህንፃው ውጭ ይሁን፣ ጭሱና እንፋሎቱ ለወረቀቱ ጠላት ነው። ሙዚየሙንም በአንድ ጊዜ አትክፈቱት። አንድ ክፍል በደንብ አዘጋጁ፣ ሰው ይየው፣ ጡረተኞቹ ይምጡና ያርሙት፣ ከዚያ ሁለተኛው ይቀጥል።

ወደ ባለሀብቱ እንመለስ። ሰውየው ሊረዳ ፈልጓል፤ ስሙም እንዲታይ ይፈልጋል፣ ይህም ነውር አይደለም። ለልስንና ለቀለም ያሰበውን ገንዘብ ለሦስት ነገር እንዲያውለው ለምኑት። ጣሪያውና አሸንዳው ከክረምት በፊት ይጠገን። የአንድ ዓመት የዘበኛ ደመወዝ ይሸፈን። ህንፃውን የሚለካና የሚመረምር መሐንዲስ ይቀጠር። ስሙ በሩ አጠገብ በነሐስ ይጻፍለት፤ የነሐሱ ማሰሪያ ቀዳዳ ግን ድንጋዩ ላይ ሳይሆን የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ይበሳ።

እናንተ ደግሞ አራት ፎቶ ላኩልኝ። ከዝናብ በኋላ የተነሳ የግድግዳው ሥር፣ በቅርብ የተነሳ የጣሪያው መጋጠሚያ፣ የሎኮሞቲቩ የፋብሪካ ሰሌዳ፣ እና ግድግዳው በሚስማር የተጫረበት ቦታ ከሚስማሩ ጋር። ስለ ኖራው መጠን ቁርጥ ያለ ነገር የምነግራችሁ እነሱን ካየሁ በኋላ ነው።